ጫፉ ይነከር

ረዲ «አንቺ ሴትዮ» ያላት ቀን ምስራ መልስ አልሰጠችም። ይህን ምስራ አርባ ዓመት ነጠላና ጋቢ የሸጠችበት የሸማ ተራ ሰው ቢሰማ አያምንም። ምስራ መልስ ያልሰጠችው ሰው የለማ! ለቀበሌ ሊቀመንበር ሰጥታለች፣ ለግብር ሰብሳቢ ሰጥታለች፣ ለሟች ባሏ ወንድሞችም ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የሚገባቸውን ሰጥታለች። ያን ቀን ግን ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ የልጅ ልጇን የዱንያን እጅ ይዛ፣ ከረዲ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ደጃፍ ዝም ብላ ወረደች። የምትለው ጠፍቷት አይደለም። ስድብ ለዚህ ሰው እንደሚያንሰው ስለገባት ነው።

ዱንያ ሰርግ ቀራጭ ናት። ምስራ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ነው ያሳደገቻት። ካሜራውንም የገዛችላት እሷ ናት፤ ለሐጅ ብላ ያኖረችውን አውጥታ። «መካ የትም አትሄድም፤ ልጅቷ ግን ጊዜዋ ያልፋል» ብላ። ልጅቷም አላሳፈረቻትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ አብነት፣ ልጁን የሚድር ሁሉ «ያቺን ረጅሟን ልጅ ጥሩልኝ» የሚላት ሆነች።

የዛሬ ሰርግ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ጠዋት ኒካሁ ላይ የተቀረጸው ማታ አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ካልታየ ሰርግ አልተባለም። የአራት ካሜራ ቀረጻ በፍጥነት ተገልብጦ፣ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ መድረስ አለበት። ዱንያ ለዚህ ብላ ነው ረዲ ዘንድ ሄዳ ኤስኤስዲ የሚሉትን የገዛችው። የማስቲካ ፓኬት የሚያህል የቪዲዮ ማከማቻ ነው። ረዲም፣ «ይሄ የራሱ ሜሞሪ ያለው ነው። አውሬ ነው፣ ወላሂ! አራት መቶ ጊጋ ብትጭኚበት ሻይ ሳትጠጪ ይጨርስልሻል» ብሎ ሸጠላት።

አልጨረሰም። ሲጀምር እውነትም በረረ። ትንሽ ሄዶ ግን እንደ ደከመው አህያ መሐል መንገድ ላይ ተኛ። አዳራሹ ውስጥ ስድስት መቶ ሰው ጥቁር ስክሪን እያየ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። የሙሽራዋ እናት ማይክ ይዛ «ቀራጫችን እንቅልፍ ወስዷታል» አለች፤ ሰው ሳቀ። ከሳቂዎቹ አንዱ ኃይለየሱስ ነበር፣ የሰርግ ቀራጮች ማኅበር ሰብሳቢው። በማግስቱ የዱንያን ስም ሥራ ከሚከፋፈልበት ዝርዝር ላይ ሰረዘው። በሳምንቱ «ጥቁር ስክሪን» የሚል ስም ወጣላት። በሁለተኛው ሳምንት ካሜራው ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ ዱንያም «ልሽጠው መሰለኝ፣ አያቴ» ማለት ጀመረች።

ረዲ ዘንድ የሄዱት ያኔ ነው። ምስራ «ዕቃህ ልጄን አዋርዷታል» አለችው። ረዲ በደንበኞቹ ፊት ዕቃውን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አንድ ፊልም ገለበጠ። ሦስት ሰከንድ! ሰው አጨበጨበ።

«አያችሁ? ዕቃው አንበሳ ነው። ልጅቷ ናት የማትችልበት።»

«ሌላ ጨምርበትና እንየው» አለች ምስራ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ነጠላ አይደለም! ሂጂ ጥጥሽን ፍተዪ።»

ይህን ያለው የሱሀይር ልጅ ነው። ሱሀይር፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሸማ ተራ ውስጥ ከምስራ ጎን ሠላሳ ዓመት ተቀምጣ ጋቢ የሸጠች ሴት ናት። ረዲ የእናቱን ጋቢ ክምር ተደግፎ ነው መዳህ የተማረው። ምስራ ስንት ጊዜ አፍንጫውን ጠርጋለታለች። በዚያ አፍንጫ ስር ያለው አፍ ነው ዛሬ «አንቺ» ያላት።

ምስራ ዕቃውን በመሐረብ ጠቅልላ ናሆም ዘንድ ወሰደችው። ናሆም የሸማ ተራ ፎቅ ደረጃ ስር ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን የጎጃም ልጅ ነው። ሰው አያታልልም። የማያታልለው ቢችልም ስላልፈለገ ነው፤ ምስራ የምትወደው ለዚህ ነው።

ናሆም ዕቃው ላይ የተለጠፈውን «የራሱ ሜሞሪ ያለው» የሚል ስቲከር በቢላ ጫፍ ላጥ አደረገው።

«ምነው፣ ከውስጡ የተሰረቀ ነገር አለ?» አለችው።

«አልተሰረቀም፣ እትዬ ምስራ። ዕቃው ደህና ዕቃ ነው። ውሸቱ ስቲከሩ ላይ ነው። ይዩ፣ እነዚህ ሁለት ጥቋቁሮች መጋዘኑ ናቸው። ይቺ ትንሿ አዛዧ ናት። የራሱ ሜሞሪ ቢኖረው እዚህ ጋ ሌላ አንድ ይለጠፍ ነበር። ባዶ ነው።»

«ሜሞሪው ምን ያደርግለታል?»

«መጋዘኑ ውስጥ የቱ ዕቃ የት እንዳለ ያስታውስለታል።»

«እንደኔ?»

«ልክ እንደርስዎ።»

ምስራ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ጽፋ አታውቅም። የቱ ቦንዳ በየትኛው መደርደሪያ፣ የማን ሸማኔ ሥራ፣ ለማን የተያዘ፣ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቶሎ ገባት፤ አንድ ነገር ብቻ አልገባትም።

«ታዲያ ጭንቅላት የሌለው እንዴት ሦስት ሰከንድ ሮጠ?»

ናሆም ሳቀ። «ይበደራላ! ኮምፒውተሩ ውስጥ በቀጥታ ሲሰካ ‹ከሜሞሪህ ቁራሽ አበድረኝ› ይለዋል። ኮምፒውተሩም ይሰጠዋል። የዕቃውን ዝርዝር እዚያ ያስቀምጥና እያየ ይሠራል። በጎረቤትዎ ጠረጴዛ ላይ ደብተርዎን እንደማስቀመጥ ነው። ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ያያል፤ ዋጋውም የረከሰው በብድር ስለሚሠራ ነው። ዱንያ ግን በዩኤስቢ ሳጥን ውስጥ አድርጋ ነው የሰካችው። ሳጥኑ ማበደሩን አያውቅበትም። ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር መጋዘን ድረስ እየተመላለሰ ይፈልጋል።»

«የተኛበት ምክንያት ይሄ ብቻ ነው?»

«አይደለም። ዋናው ሌላው ነው። ለአረፋ ዋዜማ ቦንዳ ሲመጣልዎ እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

«ተሸካሚው ቆሞ ይጮህብኛል፤ በየመደርደሪያው አንድ አንድ እወረውራለሁ። በኋላ ነው አራት አራቱን አጥፌ አንድ ቦታ የማስገባው።»

«እሱም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ በየክፍሉ አንድ አንድ ይወረውራል፤ ፈጣን ነው። ክፍሉ ሲያልቅስ?»

ለምስራ መደርደሪያው ሞልቶ፣ ተሸካሚዎቹ እስከ መንገዱ ተሰልፈው፣ እሷ ላብ በላብ ሆና እያጠፈች እየጠቀጠቀች ያለችበት ቀን ታያት።

«እያጠፉ መቀበል ይመጣላ» አለች። «ያኔ አንዱ ቦንዳ ካልታጠፈ ሌላው አይገባም።»

«በቃ፣ ያውልዎ!»

ምስራ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የሰው ሳቅ አልነበረም፤ ናሆም እንኳ ትንሽ ፈራ። «ሙቅ የተቀባ ነጠላ ነዋ!» አለች።

ሸማ ተራ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ስስ ነጠላ የዱቄት ሙቅ ተቀብቶ ሲደርቅ ወፍራም ይመስላል፤ እጅ ላይ ይከብዳል። ለዚህ ነው የድሮ ገዥ «ጫፉ ይነከር» የሚለው። ሻጩ ከመደርደሪያው ስር የውሃ ጣሳ ያወጣል፣ የነጠላውን ጫፍ ይነክራል፣ ያሻል። ሙቁ ከለቀቀ ነጠላው ወንፊት ይሆናል። «አላስነክርም» ያለ ሻጭ ደግሞ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም፤ ራሱ መሰከረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሻጭ በሸማ ተራ ከዚያ በኋላ ሰላምታም አያገኝም።

«የዚህኛው ሙቅ ስንት ሲጫንበት ነው የሚለቀው?» አለች።

«ባዶውን ከጀመረ ሁለት መቶ ጊጋ ገደማ።»

«እሱ ያሳየኝ ስንት ነው?»

«አራት ቢሆን ነው።»

«በምራቅ ነካ አድርጎ ነዋ ያሳየኝ! ውሻ!»

«እንክሰሰው፣ እትዬ። እኔ እመሰክራለሁ።»

«ክስ ወረቀት ነው። እኔ ወረቀት አላነብም። ያዋረደን ሰው ፊት ነው፤ የምፈልገውም ሰው ፊት ነው።»

በሦስተኛው ቀን ምስራ ከመደርደሪያዋ ምርጡን ጋቢ አውርዳ ረዲ ሱቅ ገባች። ረዲ ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። እሷ ግን ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

«አውፍ በለኝ፣ ልጄ። አረጀሁ። ስለማላውቀው ነገር አፌን ከፈትኩ።»

«ኧረ እትዬ ምስራ! እርስዎ እኮ እናቴ ነዎት!» አለ ረዲ። እርስዎም እትዬም ባንዴ ተመለሱ። የረዲ ክብር እንዲህ ነው፣ ጋቢ ከለበሰ ይመጣል።

«የማኅበሩ ሰብሳቢ ሰማንያ እንዲህ ያለ ዕቃ ይፈልጋል አሉ። አንተ ዘንድ ላምጣው?»

ሰማንያ! ረዲ ወንበር ጠርጎ አስቀመጣት፤ ለስላሳ ከፈተላት። ምስራ ጠጣች። መራራ ነገር ስትውጥ ፊቷን አለማኮሳተር ዱሮም ታውቅበታለች።

ከዚያ ወደ ኃይለየሱስ ሄደች። እሱ ዘንድ አልለሰለሰችም።

«ልጄን የሰረዝካት አንተ ነህ?»

«እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ስድስት መቶ ሰው አይቷል።»

«ቅዳሜ አምስት ሰዓት ረዲ ሱቅ ና። ለማኅበሩ ሰማንያ ዕቃ ትፈልጋለህ ብዬዋለሁ። ዕቃውን ከካርቶኑ ራስህ መርጠህ አውጣ፣ እሱ እንዲመርጥልህ አትፍቀድ። ባንተ ፊት ይሞከር። ጥፋቱ የልጅቷ ከሆነ ካሜራዋን በዚያው ቀን እሸጠዋለሁ፤ ሁለተኛ ስሟን አትሰማም። የዕቃው ከሆነ ግን ስሟን በሰረዝክበት እጅህ ትመልሰዋለህ።»

ኃይለየሱስ እሺ አለ። ዱንያ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «አያቴ፣ በኔ ካሜራ ተወራረድሽ?»

«በኔ ሐጅ ነው የተወራረድኩት። አንቺ ካሜራውን ከምስማሩ አውርጂና ባትሪውን ሙዪ። ትቀርጺያለሽ።»

ቅዳሜ መርካቶ ሰው በሰው ላይ ነው። ረዲ ሱቁ ደጃፍ ላይ ትልቅ ስክሪን አውጥቷል፤ ሙዚቃ ከፍቷል። የምስራን ጋቢ ትከሻው ላይ ደርቧል። ምስራም ብቻዋን አልመጣችም። ከሸማ ተራ ስምንት ሽማግሌ ነጋዴዎች አስከትላለች፤ ፊት ፊት የሚሄደው ጠሀ ነው፣ የሰማንያ ዓመት ሰው፣ ዓይኑ የደከመ፣ ጣቱ ግን ነጠላ ሲነካ የማይሳሳት።

ኃይለየሱስ ከካርቶኑ ስር አንዱን መዝዞ አወጣ። ረዲ በገዛ ኮምፒውተሩ ውስጥ በቀጥታ ሰካውና አንድ ፊልም ገለበጠ። ሦስት ሰከንድ። ሰው «ኡ!» አለ።

«የራሱ ሜሞሪ ያለው ነው፣ ጋሼ ኃይለየሱስ። ወላሂ…»

«አትማል!» አለች ምስራ ከወንበሯ እየተነሳች። «ጫፉ ይነከር።»

ስምንቱ ሽማግሌዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ረዲ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ኤሌክትሮኒክስ ነው።»

«ውሃ አላልኩም። ናሆም፣ አምጣ።»

ናሆም የራሱን ዕቃ አወጣ። «ይሄ የራሱ ሜሞሪ ያለው፣ እውነተኛው ነው። ስድስት መቶ ጊጋ የሰርግ ቪዲዮ አለበት። ትናንት ወደ መሰሉ ገልብጬዋለሁ፤ ከአሥር ደቂቃ በታች ነው የፈጀው። አሁን ወደዚህኛው ይገልበጥ።»

«ኧረ ጊዜ የለንም! ጋሼም ሥራ አላቸው…»

ኃይለየሱስ «እኔ ጊዜ አለኝ» አለ።

ረዲ አፉን ሊከፍት ሲል ጠሀ ቀደመው። ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ግን ሁሉም ሰማው። «የሱሀይር ልጅ ጫፍ አላስነክርም አለ?»

ረዲ ዙሪያውን አየ። እነዚህ ሰዎች የእናቱን ሬሳ የተሸከሙ ናቸው። እንቢ ቢል ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ እሺ ቢልም ያውቃል። ምናልባት ይተርፍ እንደሆነ ብሎ እሺን መረጠ። ናሆም ዕቃውን ሰክቶ መገልበጡን አስጀመረ።

ስክሪኑ ላይ የመገልበጫው አረንጓዴ መስመር ተፈተለከ። ሃምሳ ጊጋ፣ ሰማንያ፣ መቶ። ረዲ ትንፋሹ ተመለሰለት። መቶ ሃምሳ። አንዱ ወጣት ከሰዉ መሐል «እማማ፣ ተበሉ!» አለ። ሁለት መቶ። አሁንም ይበራል። ምስራ ቁጥር ታነባለች፣ በሱቅ ያረጀ ሰው ቁጥር አይጠፋውም። ሁለት መቶ ሃያ አለ። ናሆም ተሳስቶ ቢሆንስ? ካሜራው፣ ሐጁ፣ የልጅቷ ስም፣ ሁሉም በዚያ አረንጓዴ መስመር ላይ ተንጠልጥሏል። ዱንያን አየቻት፤ ዱንያ ዓይኗን ከካሜራው አላነሳችም።

ሁለት መቶ ሠላሳ።

መስመሩ ገደል እንደገባ ሰው ወረደ። በሰከንድ ሁለት ሺህ ሜጋ ሲጭን የነበረው ሰባ ላይ ተንከባለለና እዚያው ቀረ። ስክሪኑ ላይ «ቀሪ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ» የሚል ወጣ። ናሆም ጮክ ብሎ አነበበው።

ማንም አልሳቀም። ጠሀ ብቻ፣ መስመሩን ባያይም፣ «ለቀቀ?» ብሎ ጠየቀ።

«ለቀቀ» አለች ምስራ። «ወንፊት ነው።»

ረዲ ማውሱን ሊይዝ ሲንደረደር ምስራ መዳፏን ማውሱ ላይ ጫነች። «አይቋረጥም!»

«እትዬ፣ በቃ ታየ አይደል…»

«አዳራሹ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጦ ጠብቋል። አንተም ትጠብቃለህ።» ወንበሩን ጎትታ ስክሪኑ ስር፣ ሱቁ በር ላይ፣ ገቢና ወጪው በሚያልፍበት ተቀመጠች።

«እትዬ ምስራ፣ ለእናቴ ሲሉ! ለሱሀይር ሲሉ!»

«ሱሀይር ብትኖር ጣሳውን ይዛ የምትመጣው እሷ ነበረች። ስሟን ከአፍህ አውጣ። ይልቅ የጎደለብኝን ቃል ስጠኝ።»

ረዲ መሬት መሬት እያየ፣ «ዕቃው ነው» አለ።

«አልሰማሁም።»

«ዕቃው ነው! ስቲከሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አላጠፋችም።»

«ልጅቷ ስም የላትም?»

«ዱንያ አላጠፋችም።»

«ሴትዮዋስ? ያቺ ጥጥ ፈታዪዋስ ማን ነበረች?»

«እትዬ ምስራ» አለ ረዲ። ኃይለየሱስ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ቆሞ የዱንያን ስም ዝርዝሩ ላይ መልሶ ጻፈ፤ ለዱንያም አሳያት። ከዚያ ለረዲ ሰማንያውን እንደማይፈልግ ነገረው፤ አባላቱም ውሸት የማይለጠፍበትን ሱቅ ይፈልጋሉ አለ።

ዱንያ ጎንበስ ብላ ለምስራ በጆሮዋ ነገረቻት። «አያቴ፣ በቃ፣ እንሂድ።»

«አልቋል?»

«አንድ ሰዓት ከአሥር ቀርቶታል።»

«እንግዲያው አልበቃም።»

ስምንቱ ሽማግሌዎችም አልሄዱም። ካርቶን አንጥፈው ተቀመጡ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ምንድን ነው የሚታየው?» ይላል። ምስራ ለእያንዳንዱ ትነግራለች፤ አትቸኩልም፤ ከጎረቤት ጠረጴዛ ስለተበደረው ደብተርም፣ በየክፍሉ አንድ አንድ ስለሚወረወረውም፣ ሳይጎድል ትነግራለች። ደንበኛው ስክሪኑን ያያል፣ ረዲን ያያል፣ ይሄዳል። ረዲ ሙዚቃውን አጠፋ። የዙህር አዛን ሲባል ሰዎቹ በተራ ሰግደው ተመለሱ፤ ምስራ ስትሄድ ናሆምን ማውሱ ላይ ጠባቂ አድርጋ ነው። አንድ ጊዜ ረዲ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ምስራ አየችው። በልጅነቱ ትኩሳት ሲይዘው እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። አየችውና ዓይኗን ወደ መስመሩ መለሰች።

ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል መስመሩ ዳር ደረሰ። ዱንያ ቪዲዮውን ከፍታ እዚህም እዚያም አየችው። አንድም የጎደለ የለም፤ ሁሉም ሳይጎድል ገብቷል። ምስራ ዕቃውን በጣቷ ነካችው፤ ይፋጃል።

«ይሄ ምስኪን ምን አጠፋ?» አለች። «አቅሙን አልደበቀም፤ ብድሩንም አልደበቀም። ለዋጋው ከበቂ በላይ ነው። ‹ርካሽ ነው፣ ለትንሽ ሥራ ነው› ብለህ ብትሸጠው እኔ ራሴ ገዥ አመጣልህ ነበር፣ የሰው ልጅ!»

ተነሳች። ጉልበቷ ተንቋቋ። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ግን ተመለሰች፤ ረዲ ጋ ሄዳ ጋቢውን ከትከሻው ላይ ገፈፈችው። አጠፈችው፣ በአራት፣ እንደ ልማዷ።

«ይሄ ጫፉ ተነክሮ ያለቀቀ ነው» አለችው። «ላንተ አይሆንም።»

ዱንያ ካሜራውን አላጠፋችም ነበር። ያንንም ቀረጸችው።